ዳቦ ቤቱ ክፍት ነበር

ስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው ጠዋት ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ጎረቤታችን ከቤቱ ወጥቶ መኪናው ፊት ሲቆም ሁለቱም ጆሮዎቿ ከሥራቸው ተነቅለዋል። መጀመሪያ አልጮኸም። ዝም ብሎ ዞራት፤ ደግሞ ዞራት። ጩኸቱ የመጣው በሦስተኛው ዙር ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን የተኛ ሰው አላስቀረም።

ደግነቱ መኪናዋ የምታድረው ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ካሜራ አለው። ባለቤቱ እስኪመጣ ጠብቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ ካርቶን በተደረደረባት የጓዳ ክፍል ውስጥ ተጠቅጥቀን ገባን። ባለ መኪናው፣ የእድራችን ጸሐፊ፣ ሁለት ሴቶች፣ ወሬ ያልቀረባቸው ጎረምሶች፣ እኔ፤ ደግሞም ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚላቸው ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር። ዘበኛችን በሩ ላይ ቆሟል።

ስክሪኑ ላይ ጨለማ ነው። መኪናዋ አለች። አንድ ሰው ከግራ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ዞረ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ፣ ሄደ። አለቀ። ከዚያ የማይቀረው ትእዛዝ መጣ፦

«አጉላው!»

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ አጎላው። ፊቱ ትንሽ አደገ። «አጉላው እንጂ!» ደግሞ አጎላው። በሦስተኛው ላይ ፊት የሚባል ነገር አልቀረም፤ ጥቁርና ግራጫ ካሬ፣ ልክ እንደ ዳማ ገበታ።

አሁን ጉዱን ስሙልኝ። ፊቱ በጠፋ ቁጥር ሰዉ ይበልጥ እያወቀው ሄደ። አንደኛዋ «ያ ሊስትሮ ነው፣ ግንባሩን አታዩትም?» አለች። ጸሐፊያችን ከመታጠፊያው ጋራዥ የሚውል አንድ ልጅ መሆኑን በአረማመዱ ለየሁ አለ። ያኔ እኮ ምስሉ ቆሟል፤ የሚራመድ ነገር የለም። ባለ መኪናው ግን ዓይኑን ከፊቱ ላይ አንሥቶ ወደ ስክሪኑ ጥግ ወሰደ። 02:40 ይላል። በፈረንጅ 2 ሰዓት ከ40 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱን የሚጠብቅ ማነው? ሁላችንም ዞረን ዘበኛውን አየነው። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል። ወይ ተኝቷል፣ ወይ ተካፍሏል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ልጄ» አሉ ቲቸር፣ «ሰውየውን ተወውና ወደ ነበረበት መልስልኝ። ከመኪናዋ ማዶ ያ የሚበራው ምንድን ነው?»

መለሰው። ከማዶ፣ ማንም ልብ ያላለው ጥግ ላይ፣ አንድ በር ብርሃን ይረጫል። ከበሩ አንዲት ልጅ ፌስታል አንጠልጥላ ወጣች።

«ዳቦ ቤቱ አይደለም እንዴ? ከመቼ ወዲህ ነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ዳቦ የሚሸጠው?»

ዳቦ ቤቱ የሚዘጋው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ቲቸር ቀጠሉ፦ «ማሽንህ አሁን ስንት ሰዓት ይላል?» ልጁ አየ፤ 10:05። ሁላችንም የእጅ ስልካችንን አወጣን። ከቀኑ 10 ሰዓት ከ5 ነው፤ በአበሻ። ካሜራውን የተከለው ባለሙያ ማሽኑን በራሱ ሰዓት ሞልቶት ኖሯል። እንግዲያው ስፖኪዮው የሄደው ሌሊት ሳይሆን ማታ 2 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ዘበኛው ሥራ የሚገባው ደግሞ 3 ሰዓት ላይ። ሰውየው ኮፍያውን መልሶ አደረገ፤ አንዳችንም ይቅርታ አላልነውም፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሌባው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ጎረቤታችንም ስፖኪዮውን ሌላ ቦታ በገንዘቡ ገዛ፤ ምናልባት የራሱኑ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ ያዘኝ። ስለ ምስል ምርመራ ያነበብኩትን፣ የሰማሁትን ሁሉ ለቲቸር መውሰድ። በረንዳቸው ላይ እንቀመጣለን፤ ከዘራቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ ቡናው ይቀርባል። የዚህ ሙያ ሰዎች አንድ የካሜራ ማሽን ሲረከቡ ቀድመው ከሚያደርጉት ነገር አንዱ የማሽኑን ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ መሆኑን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። «ታዲያ ሌላ ምን ሊያደርጉ ኖሯል?» አሉኝ።

የተደነቁት በአትላንታው ነው።

የአትላንታ ኦሊምፒክ ሲባል የእኛ ሰው 1988 ዓ.ምን፣ ኃይሌን፣ ፋጡማ ሮባን ነው የሚያስታውሰው። ፋጡማ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ የጨረሰችው ሐምሌ 21 ቀን፣ እሑድ ነው። ከዚያ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች አፍሪካዊት ሴት አልነበረችም። እኛ በዚያ ደስታ ስንሰክር የከተማዋ ሰው ግን ገና ከድንጋጤው አልወጣም ነበር። ከአንድ ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ በእኛ አገር ሰዓት ቢሆን ጠዋት 2 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ ሕዝብ ሙዚቃ ሲሰማ ባመሸበት የሴንቴኒያል ኦሊምፒክ ፓርክ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ሥር በተቀመጠ የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የነበረ ቦምብ ፈነዳ። አንዲት ሴት ሞተች፤ ወደ ቦታው ካሜራውን ይዞ የሮጠ አንድ ቱርካዊ ባለሙያም ልቡ ቆሞ ሞተ። ከ100 በላይ ሰው ቆሰለ።

በዚያ ሌሊት ቪዲዮ ይቀርጹ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ በእጅ የሚያዝ ካሜራ፣ በጨለማ፣ በግርግር። የፌደራል ምርመራ ቢሮው ካሴቶቹን ሰበሰበ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ጠቁሯል፣ ጉንዳን እንደፈሰሰበት ይርመሰመሳል። መርማሪዎቹ እርዳታ ፍለጋ የሄዱት ወዴት መሰላችሁ? ወደ ናሳ። አላባማ ክፍለ ግዛት ሐንትስቪል ውስጥ ባለው የማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ዴቪድ ሃታዌይ ፀሐይን የሚያጠና ሳይንቲስት ነው፤ ሌላው ፖል ማየር የአየር ሁኔታ ተመራማሪ። ሥራቸው በሚወዛወዝ አየር በኩል የፀሐይንና የደመናን ምስል ማጥራት ነበር እንጂ ከወንጀል ጋር ትውውቅ አልነበራቸውም።

«እንዴት አጠሩት?» አሉ ቲቸር፤ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

ቪዲዮ የፎቶ ክምር ነው፤ የዚያ ዘመን የአሜሪካ ካሜራ በሰከንድ 30 ያህል ያነሣል። በጨለማ ሲሆን እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ካሜራው ከራሱ የሚጨምራቸው የሐሰት ነጠብጣቦች አሉ። እነዚህ ነጠብጣቦች ግን በየፎቶው ቦታ ይቀያይራሉ፤ አግዳሚው ወንበር አይቀያይርም። ስለዚህ ብዙ ፎቶ አደራርቦ አማካዩን መውሰድ ነው። «እንደ ምስክር ነው ቲቸር» አልኳቸው። «አሥራ ስድስት ውሸታሞች ለየብቻ ቢጠየቁ አሥራ ስድስት ዓይነት ይዋሻሉ፤ የሚስማሙበት ነገር ካለ እሱ ሆኗል ማለት ነው።» ሒሳቡም እንዲያ ነው የሚሄደው፤ 16 ምስል ሲደራረብ ጫጫታው ወደ ሩብ ይወርዳል።

ችግሩ እጅ መንቀጥቀጡ ነው። የሚንቀጠቀጥ ምስል ዝም ብሎ ቢደራረብ ጭቃ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች የሠሩት ለእያንዳንዱ ምስል ካሜራው ምን ያህል ወደ ጎን፣ ምን ያህል ወደ ላይና ወደ ታች እንደሄደ፣ ስንት ዲግሪ እንደዞረ፣ ምን ያህል እንደቀረበና እንደራቀ አስልቶ ወደ ቦታው የሚመልስ ፕሮግራም ነው። «ቪዛር» የሚል ስም ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ያ ጨለማ ካሴት ለዓይን የሚሆን ነገር አሳየ።

«እና ሰውየውን አዩት?»

አላዩትም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው ቲቸር። የቦምቡ ባለቤት በካሴት አልተያዘም። እንዲያውም ቀድሞ የተጠረጠረው ማን እንደሆነ ልንገርዎት፤ ዘበኛው!

«እዚያም ዘበኛ?» አሉና ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቋረጡ።

ሪቻርድ ጁዌል የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ቦርሳውን ከወንበሩ ሥር ያየው፣ ለፖሊስ የተናገረው፣ ሰውን ከአካባቢው ሲያሸሽ የነበረው እሱ ነው። ሦስት ቀን ጀግና ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው ተጠርጣሪ አደረገው። ከዚያ 88 ቀን ቤቱ በካሜራ ተከቦ ኖረ፤ በጥቅምት ወር የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ንጹሕ መሆኑን በደብዳቤ እስኪያሳውቀው ድረስ። እውነተኛው ሰው ኤሪክ ሩዶልፍ የታወቀው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 1998 በርሚንግሃም ከተማ ሌላ ቦምብ ሲያፈነዳ ነው። ያኔም ካሜራ አልነበረም የለየው። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጭሱ ላይ ሲተክል አንድ ተማሪ ዘወር ብሎ፣ ከፍንዳታው ተረጋግቶ እየራቀ የሚሄድ ሰው አየ፤ ሌላ ምስክር የመኪናውን ታርጋ ያዘ። ሩዶልፍ ተራራ ውስጥ ገብቶ አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 በሰሜን ካሮላይና አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከሸቀጥ መደብር ጀርባ ምግብ ሲፈልግ፣ ለሥራው አዲስ በሆነ ፖሊስ ተያዘ። በ2005 ጥፋቱን አመነ።

ቲቸር ብዙ ዝም አሉ። «ዞር ብሎ ያየው ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ባስተማርኩት።»

ሌላ ቀን ደግሞ ጠየቁኝ፤ የተበላሸ ፊት ከቶ አይመለስም ማለት ነው? እንደ አበላሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢንተርፖል የሚያሳድደው አንድ ሕፃናትን የሚበድል ሰው ነበር፤ ፎቶዎቹ ላይ የራሱን ፊት እንደ ውኃ አዙሪት ጠምዝዞ ይለጥፍ ነበር። የጀርመን ፖሊስ ባለሙያዎች ጠመዝማዛውን በተቃራኒው አዞሩት፤ ፊቱ ወጣ፤ ኢንተርፖል ለሕዝብ አሳየው፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ታይላንድ ውስጥ ተያዘ። ሞኙ ያላወቀው፣ መጠምዘዝ ማጥፋት አለመሆኑን ነው። የተገመደ ገመድ ይፈታል። በጉልበት የደበዘዘ ወይም ከመጀመሪያውም በጥቂት ነጥብ የተነሣ ፊት ግን እንደተፈጨ ጤፍ ነው፤ ማን መልሶ እህል ያደርገዋል?

«አሁን የሚያደርግ መጥቷል ይላሉ እኮ» አሉ ቲቸር፤ የልጅ ልጃቸው የአያታቸውን የድሮ ጉርድ ፎቶ በስልኩ ቀለም ቀብቶ፣ ሽፋሽፍት ሳይቀር ተክሎ አሳይቷቸዋል።

መጥቷል። ብዙ የእኛ ሰው በሚኖርባት ሲያትል፣ በኪንግ ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ በአንድ የግድያ ክስ ይኸው ነገር ተነሣ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። የተከሳሹ ጠበቆች ቪዲዮውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳልፈው ከመጀመሪያው 16 እጥፍ ገደማ ፒክስል ያለው፣ ጥርት ያለ ምስል ይዘው ቀረቡ። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ 15ቱ እጥፍ ከየት መጣ? ካሜራው አላየውም። ፕሮግራሙ በሥልጠናው ካያቸው ሌሎች ምስሎች ተነሥቶ «እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» እያለ የሞላው ነው። ዳኛው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ማስረጃውን አልቀበልም አሉ፤ ዘዴው በሙያው ሰዎች ዘንድ ተቀባይነት እንደሌለው፣ ዳኝነት የሚሰጡትንም ሰዎች ሊያደናግር እንደሚችል ገልጸው።

«ሠዓሊ አስገብተውበታላ» አሉ ቲቸር። «የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስን አይቶት ነው የሚስለው? ብዙ ፊት አይቷል፤ ከዚያ ይስላል። ያምራል። ግን በእሱ ሥዕል ሰው አትከስም።»

ከዚህ የተሻለ የሚናገር የኮምፒዩተር ሊቅ እስካሁን አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ልውሰዳችሁ። ይህንን ለቲቸር ለመንገር ብዙ አመነታሁ፤ ዕድሜያቸውም፣ ልባቸውም አሳሰበኝ። በመጨረሻ የነገርኳቸው በራሳቸው ምክንያት ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩኝ ቆሎ ተማሪ ሳሉ ሰዓት እንዴት ያውቁ እንደነበር አነሡ። በጾም ቀን የሚፈቱበትን ሰዓት በጥላ ነው የሚለኩት። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የጥላው ራስ የወደቀበት ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ በራስ እግር ጫማ በጫማ እየረገጡ መቁጠር።

«ግን እኮ» አልኩ፣ «ረጅሙና አጭሩ ልጅ እንዴት አንድ ሰዓት ያገኛሉ?»

«ረጅሙ ረጅም እግር አለዋ! ጥላው በረዘመበት ልክ ጫማውም ይረዝማል። ቁጥሩ አንድ ነው።» ተነሥተው ከዘራቸውን ፀሐይ ላይ አቆሙት። «የሚለካው ጥላ ሳይሆን ጥላና ቁመት ሲተያዩ ነው። ጥላው ከዘራውን ካከለ፣ ፀሐይዋ በአድማስና በአናትህ መካከል እኩሌታ ላይ ናት። ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግህም።»

ያኔ ነው የካሜሩኑን ያወጣሁት።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አንድ ቪዲዮ ተሰራጨ። ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን በአቧራማ መንገድ እየነዱ ይወስዳሉ። ሴቶቹን ቦኮ ሐራም ናችሁ ይሏቸዋል። አንደኛዋ ልጅ አዝላለች። ከመንገዱ አስወጧቸው፤ ከዚያ የሆነውን አልተርክም፤ አራቱም አልተመለሱም።

የካሜሩን መንግሥት ቃል አቀባይ የነበሩት ሚኒስትር ኢሳ ቺሮማ ባካሪ የሐሰት ወሬ ነው አሉ። ምክንያትም ደረደሩ፤ መሣሪያው በዚያ አካባቢ ሠራዊታችን የሚይዘው አይደለም፤ እዚያ ያለው ወታደር የሚለብሰው ፈዘዝ ያለ የበረሃ ልብስ ነው፣ የቪዲዮው ግን የጫካ ነው፤ ግዳጅ ላይ ያለ ወታደርስ የራስ ቁርና ጥይት መከላከያ ሳይለብስ ይወጣል? አነጋገራቸው እርግጠኛ ነበር። ቪዲዮው ላይ ደግሞ የቦታ ስም የለም፣ ቀን የለም።

የቢቢሲ አፍሪካ አይ ጋዜጠኞች፣ ከአምነስቲ፣ ከቤሊንግካትና በየቤታቸው ተቀምጠው ከሚመረምሩ ሰዎች ጋር ሆነው ቪዲዮውን ያዙት። የወታደሮቹን ፊት አጉልተው ቢሆን ኖሮ የመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ውስጥ እኛ የሆነውን ይሆኑ ነበር። እነሱ ቀድመው ያዩት ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ነው። በመጀመሪያዎቹ 40 ሰከንዶች ከሩቅ የተራራ ሰንሰለት ይታያል፤ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ የራሱ ቅርጽ አለው። ያንን ጫፍ ይዘው የሰሜን ካሜሩንን ተራሮች ከሳተላይት ላይ ሲያስተያዩ ሰዓታት አሳለፉ፤ አልገጠመም። በሐምሌ መጨረሻ አንድ የአገሩ ሰው «በዘለቬት አካባቢ አይታችኋል?» የሚል ጥቆማ ሰጣቸው። ሄደው አዩ። ገጠመ። ናይጄሪያ ድንበር አጠገብ፣ ከዘለቬት ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የአፈር መንገድ ላይ። ከዚያ ቤቶቹ፣ ዛፎቹ፣ መታጠፊያው አንድ በአንድ በየቦታቸው ገቡ።

«ቦታው ይሁን» አሉ ቲቸር። «ቀኑስ?»

ቀኑን ለማግኘት ሕንፃዎቹን ጠየቁ። ቪዲዮው ላይ የሚታይ አንድ ቤት በሳተላይት ምስል የሚገኘው እስከ እ.ኤ.አ. የካቲት 2016 ብቻ ነው፤ እንግዲያው ድርጊቱ ከዚያ በፊት ነው። ሌላ ሕንፃን ያጠረው ግንብ ደግሞ በእ.ኤ.አ. ኅዳር 2014 ምስል ገና አልተሠራም፤ እንግዲያው ከዚያ በኋላ ነው። ከአሥራ አምስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ቀረ። ከዚያ ወታደሮቹ ሲራመዱ ጥላቸው አብሯቸው ይሄዳል። የጥላውን አቅጣጫና ከቁመታቸው ጋር ያለውን ልክ ወሰዱ፤ የፀሐይዋን ከፍታና የመጣችበትን አቅጣጫ አወጡ። በዚያ ቦታ ላይ ፀሐይ እንዲያ የምትቆመው መቼ ነው? እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ። በእኛ ከመጋቢት 11 እስከ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ቲቸር ከዘራውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ጥላው ወደ ምሥራቅ ረዝሟል።

«አይሆንም» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው በአንድ መንገድ የምታልፈው። ወደ ሰሜን ስትወጣ መጋቢት ላይ፣ ወደ ደቡብ ስትመለስ ጳጉሜንና መስከረም ላይ። ጥላው አንድ ነው። መስከረም አለመሆኑን በምን አወቁ?» ሠላሳ ዓመት ጠመኔ የያዘች እጃቸው አየሩ ላይ የፀሐይን መንገድ ትስላለች።

በውነት ደስ አለኝ። ምክንያቱም መልሱ ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነው። ሴቶቹን ከመንገድ አስወጥተው የነዱባት ቀጭን የእግር መንገድ አለች። የተለያየ ወር የሳተላይት ምስሎች ሲታዩ ያቺ መንገድ በጥርና በሚያዝያ መካከል፣ ሐሩርና ድርቅ በሆነበት ወቅት ብቻ ነው የምትታየው። መስከረም ላይ የለችም።

ቲቸር ተቀመጡ። «ሣሩ በላት» አሉ ለራሳቸው።

የቀረው ቀላል ነበር ማለት አልችልም፤ ግን ተራራው ከተገኘ በኋላ የሚኒስትሩ ምክንያቶች ተራ በተራ ወደቁ። መሣሪያው ዛስታቫ ኤም 21 የሚባል የሰርቢያ ሥሪት ነው፤ ከሰሐራ በታች ብዙም አይገኝም፣ የካሜሩን ሠራዊት አንዳንድ ክፍሎች ግን ይዘውታል። የጫካው ልብስ? ወታደሮች እዚያው አካባቢ ያንኑ ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ራሳቸው ፌስቡክ ላይ ለጥፈውታል። የራስ ቁሩስ? የብሪታንያው ቻናል ፎር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚያ ግንባር የሠራው ዘገባ ተገኘ፤ ዘገባው ላይ የወታደሮቹ ምሽግ አለ፣ ከምሽጉ ጀርባ ያው ተራራ። ተለካ፤ ግድያው ከተፈጸመበት ቦታ ጥቂት መቶ ሜትር ነው። ሰዎቹ ዘመቻ ላይ አልነበሩም፤ ከሰፈራቸው በር ላይ ነበሩ፤ ማን የራስ ቁር ይለብሳል? ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሰዎቹ የሄዱት፤ እነሱንም ቢሆን ቀራጩ ሲጠራቸው በተሰማው ቅጽል ስም፣ በፌስቡክ ገጻቸው፣ ሰው በመጠየቅ ነው የደረሱባቸው።

መንግሥት ነሐሴ ላይ ሰባት ወታደሮች መታሠራቸውን አስታወቀ። የቢቢሲ ዘገባ እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 ወጣ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 2020፣ ያውንዴ ያለው ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራቱን በ10 ዓመት፣ አንዱን በሁለት ዓመት እሥራት ቀጣ፤ ሁለቱን በነጻ ለቀቀ።

«ዐሥር ዓመት» አሉ ቲቸር። ተጨማሪ አልተናገሩም። ቡናው ቀዝቅዟል፤ ሦስተኛው ሳይቀዳ ቀረ።

ቆይተው «ያቺን መንገድ አሳየኝ» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። የሳተላይቱን ምስል ከፈትኩላቸው፤ ቢጫ መሬት፣ ጥቂት ዛፍ፣ ዋናው የአፈር መንገድ፤ ከእሱ የምትገነጠል እንደ ክር የቀጠነች መስመር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«አጉላልኝ እስቲ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚቀልዱ አይመስሉም። አጎላሁላቸው።

«ጨምር።»

ጨመርኩ። መስመሯ ሰፋች፣ ዳር ዳሯ ተሸራረፈ፤ ከዚያ ቡኒና አመድማ ካሬ ሆና ስክሪኑን ሞላችው። እሳቸው ግን ስልኩን አልመለሱልኝም።